ቻይናዊው ሠዓሊ ሊ ኬራን በጀርመን ሕንፃዎች ፊት

በሙያችን ውስጥ ሕንፃን በወረቀት ላይ ማስፈር የዕለት ተዕለት ተግባር ስለ ሆነ፣ ሕንፃውን እንዴት እንደምናየው ቆም ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። ማስመሪያ ይዘን እንቀመጣለን፤ ጠርዙን እናሠምራለን፤ መስኮቱን እንቆጥራለን፤ ልኩን እንጽፋለን፤ ከዚያም ሕንፃው ወረቀቱ ላይ አለ ብለን እናምናለን። ለተራራና ለጭጋግ፣ ለቀርከሃና ለወንዝ ተብሎ የተሠራ፣ ከማስመሪያ ጋር ዝምድና የሌለው ብሩሽ በአንድ የጎቲክ ካቴድራል ፊት ቢቀርብ ምን ሊያደርግ ይችላል? በ1957 ዓ.ም. አንድ የ50 ዓመት ቻይናዊ ሠዓሊ ይህንን ጥያቄ በገዛ እጁ መመለስ ነበረበት። ሰውየው ሊ ኬራን ይባላል። በዚያ ዓመት ወደ ያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን ተጉዞ አራት ወር ያህል ቆየ፤ የድሬዝደንን፣ የማይሰንንና የቫይማርን ሕንፃዎችም በአገሩ ቀለምና በአገሩ ወረቀት በቦታው ተገኝቶ ሣለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ጉዞው በሰውየው ረጅም ዕድሜ ውስጥ አጭር ምዕራፍ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉለት ብዙዎቹ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኛ ግን ሥራችን ድንጋይና ጡብ፣ ብርሃንና ጥላ በመሆኑ፣ እነዚያን አራት ወሮች ሌሎች ከሚያዩአቸው በላቀ ትኩረት ልናያቸው ይገባናል። ያንን ለማድረግ ደግሞ ሰውየው ከየት ተነሥቶ ከካቴድራሉ ፊት እንደ ደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊ ኬራን በማርች 1907 በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር በሹጆው ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገጠር በችግር ተሰዶ የመጣ፣ ዓሣ በማጥመድ የኖረ፣ ኋላም በወጥ ቤትነት ሠርቶ ቤተሰቡን ያሳደረ ሰው ነበር። አባትም እናትም ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዮንግሹን ሲሆን፣ ኬራን የሚለውን ስም የሰጠው የትምህርት ቤት መምህሩ ነው። ትርጉሙም ነክረው ቀለም ሊያስይዙት የሚቻል ማለት ነው። መምህሩ የልጁን ተማሪነት ማመስገኑ ነበር። የተማረን ሰው ቀለም የገባው ብለን ለምንጠራ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የስሙ ምሥጢር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

በ13 ዓመቱ በከተማው ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ሰገነት አጠገብ ሲያልፍ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲሥሉ አየ። በመስኮቱ ላይ ተለጥፎ ተመለከተ፤ በማግሥቱም ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም በኋላ ቀን አላጓደለም። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከእነርሱም አንዱ ቺየን ሺጂ የመጀመሪያ መምህሩ ሆነ፤ የጥንቱን ሊቃውንት ፈለግ ተከትሎ ተራራና ውሃ መሣልን አስተማረው። ሊ ኬራን ዘመናዊውን ትምህርት ከመቅመሱ በፊት አሮጌውን ከሥሩ እንዲያውቅ ያደረገው ይህ አጋጣሚ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በሻንግሃይ ተጀምሮ በሃንግጆው ቀጠለ። በ1929 በምዕራብ ሐይቅ ዳር ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሲያመለክት የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት እንኳ አልነበረውም። የአካዳሚው ኃላፊ ሊን ፈንግሚየን በፈረንሳይ የተማረ ሠዓሊ ነበር፤ የልጁን ሥራ አይቶ ደንቡን ተላልፎ ለከፍተኛው ክፍል ተቀበለው። በዚያም ሊ ኬራን ከፈረንሳዊው መምህር ከአንድሬ ክሎዶ የዘይት ቀለም አሣሣልን ተማረ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ብርሃንን በጨለማ መካከል እንዴት እንደሚያስቀምጡ፣ አንድን አካል ከጠርዙ ይልቅ በክብደቱ እንዴት እንደሚገነቡ ያየው በዚህ ቦታ ነው። ትምህርቱ ግን እስከ ፍጻሜ አልደረሰም። ወደ ግራ ያዘነበለ የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ማኅበር አባል በመሆኑ ጫናው በርትቶበት በ1931 ከአካዳሚው ወጣ።

የጃፓን ወረራ ሲመጣ ሠዓሊው ብሩሹን ለጦርነቱ አዋለ። በ1938 በዉሃን ከተማ በደራሲው በጉዎ ሞርዎ ይመራ በነበረው የቅስቀሳ ክፍል ገብቶ በግድግዳዎች ላይ ትልልቅ የአርበኝነት ሥዕሎችን ይሥል ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ በነዚያ የጦርነት ዓመታት ከእርሱ ርቃ በሻንግሃይ ሞተች። መንግሥቱ ወደ ቾንግቺንግ ሲሸሽ እርሱም አብሮ ሸሸ። በዚያም ከአንድ ገበሬ ቤት ተጠግቶ ሲኖር ከግድግዳው ባሻገር የታሰረ የውሃ ጎሽ ነበር። ሌሊት ሲያመነዥክና በቀንዱ ግድግዳውን ሲፈትግ ይሰማዋል። ዝም ብሎ የሚሠራውን፣ ለራሱም ብዙ የማይሻውን ይህን እንስሳ ወደደው፤ መሣልም ጀመረ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሥዕል ክፍሉን ስም ከጎሽ የሚማሩበት አዳራሽ ብሎ ሰየመው። በ1944 የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ የሆነችውን ዞው ፔይጁን አገባ።

ከጦርነቱ በኋላ በታላቁ ሠዓሊ በሹ ቤይሆንግ ግብዣ ወደ ቤጂንግ ሄዶ ማስተማር ጀመረ። የዚያን ጊዜ ዕድሜው 40 ሊሞላ ተቃርቦ ነበር፤ ስሙም ታውቋል። ይሁንና ጥቂት ሥራዎቹን ጠቅልሎ ከ80 ዓመት በላይ ወደ ሆነው ወደ ቺ ባይሺ ቤት ሄደና ደቀ መዝሙር ልሁን ብሎ ለመነ። ሽማግሌው እስከ ሞተበት እስከ 1957 ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ወረቀቱን እየያዘ፣ ቀለሙን እየፈጨ፣ ከጎኑ ቆሞ እጁን ይመለከት ነበር። ከዚህ ሁሉ ያገኘው ዋነኛ ነገር መሥመር በዝግታ መሠመር እንዳለበት ነው። ሰዎች ቺ ባይሺ በፍጥነት የሚሥል ይመስላቸው ነበር። ሊ ኬራን ግን የሽማግሌው እጅ እጅግ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ፣ ብሩሹም ወረቀቱን እንደ ማረሻ እየነከሰ እንደሚያልፍ አየ። ከሌላው መምህሩ ከኋንግ ቢንሆንግ ደግሞ ቀለምን በቀለም ላይ መደራረብን ተማረ። ይህም አንዱ ንብር ሲደርቅ ሌላ፣ እርሱም ሲደርቅ ሌላ እየጨመሩ፣ ከሩቅ ጥቁር የሚመስለው ሲቀርቡት በውስጡ አየር የሚያልፍበት እስኪሆን ድረስ የሚደክሙበት ዘዴ ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ዝግተኛውን መሥመርና ድርብርቡን ጥቁር፣ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። በጀርመን የሚያገለግሉት እነዚህ ናቸው።

ከ1949 በኋላ የቻይና ባህላዊ ሥዕል ጭንቅ ውስጥ ገባ። አዲሱን ኅብረተሰብ ሊያገለግል አይችልም፤ ፋብሪካና ግድብ፣ ሠራተኛና ትራክተር ሊሥል አይችልም፤ የፊውዳል ምሁራን መዝናኛ ነው ተባለ። በቤጂንግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የተራራና የአበባ ሠዓሊዎች ያለ ክፍል ቀሩ፤ ተማሪው ሁሉ በእርሳስና በዘይት ቀለም ከሕይወት እንዲሥል ታዘዘ። ሊ ኬራን በ1950 ስለ ባህላዊው ሥዕል መታደስ ጽሑፍ አወጣ። በዚያም ከእውነተኛው ሕይወት የራቀ፣ የጥንቱን እየገለበጠ የሚኖር ሥዕል መሞቱ እንደማይቀር አመነ፤ መድኃኒቱ ግን ብሩሹን መጣል ሳይሆን ብሩሹን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት ነው አለ።

እንዳለውም አደረገ። በ1954 ከጃንግ ዲንግና ከልዎ ሚንግ ጋር ሆኖ ለሦስት ወር ያህል ወደ ደቡብ ተጓዘ። ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ወረቀታቸውንና ቀለማቸውን ተሸክመው በእግር ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ በቤጂንግ በቤይሃይ መናፈሻ ያሳዩት ትርኢት ብዙ አነጋገረ። አንዳንዶች ይህ የቻይና ሥዕል አይደለም አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የቻይና ሥዕል ከሞት ተነሣ አሉ። በዚያው ዓመት ሁለት ማኅተሞችን አስቀረጸ፤ አንዱ ከሁሉ የሚከበረው ድፍረት መሆኑን፣ ሁለተኛው የሚፈለገው ነፍስ መሆኑን የሚያሳስቡ ነበሩ። በ1956 ደግሞ ለስምንት ወር ዞሮ 200 ያህል ሥዕሎችን ይዞ ተመለሰ። ወደ ጀርመን ሲጠራ እንግዲህ እጁ በሜዳ ሥራ የተፈተነ ነበር። ያልተፈተነው በአገሩ ተራራና በአገሩ የእንጨት ቤት ያልሆነ ነገር ፊት ነው።

እዚህ ላይ ከሙያችን አንጻር አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ቻይናውያን ሕንፃን የመሣል የራሳቸው ጥንታዊ ዘዴ ነበራቸው፤ ጂየኋ ይሉታል፤ በማስመሪያ የሚሣል ሥዕል ማለት ነው። ጣራውን፣ ዓምዱንና ድልድዩን ያለ ስሕተት ያሳያል፤ በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የተሣለው የጃንግ ዜድዋን የወንዝ ዳር ከተማ ጥቅልል ሕንፃን የሚያሳየው ትክክለኛነት እስከ ዛሬ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ በኋለኞቹ ዘመናት ሥዕልን የመሩት ምሁራን ማስመሪያ የያዘን ሠዓሊ እንደ አናጢ ይቆጥሩት ነበር። ከዚህም የተነሣ የተከበረው ሥዕል ተራራን በነፃ እጅ ሲያጠና፣ ሕንፃ በተራራው ግርጌ እንደምትታይ ትንሽ ጎጆ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለድንጋይ ግን እጅግ የበለጸገ የብሩሽ ቋንቋ ተፈጠረ፤ የመጥረቢያ ምት የሚመስል አለ፤ የተፈታ የቃጫ ገመድ የሚመስል አለ፤ ሌላም ብዙ። ታዲያ ሊ ኬራን ወደ ጀርመን የወሰደው ቦርሳ ለአለት ሁሉ ነገር ያለው፣ ለግድግዳ ግን ምንም የሌለው ነበር ማለት ይቻላል።

ዕቃውም ራሱ ለሕንፃ ሥዕል የሚመች አይደለም። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ተለውሶ የደረቀ ጥፍጥፍ ነው፤ በድንጋይ ላይ በውሃ ይፈጫል። (የእኛም ብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ማውጣታቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ደስ ይላል።) ወረቀቱ ሹዋን የሚባለው ስስና ጠጪ ነው። ብሩሹ በነካው ቦታ ቀለሙ ይሠርጋል፤ ከዚያ በኋላ መፋቅ የለም፤ ማረም የለም። እርጥብ ሳለ ጥቁር የመሰለው ሲደርቅ ፈዘዝ ይላል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ባለ ብዙ መስኮት፣ ባለ ብዙ ጌጥ የአውሮፓ ሕንፃ በውጭ ቆሞ መሣል ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ በእርሳስና በመፋቂያ የለመድን ሰዎች እንገምተው።

ጉዞው በሶሻሊስት አገሮች መካከል በነበረው የባህል ልውውጥ የተዘጋጀ ነበር። አብሮት የሄደው ጓን ሊያንግ የኦፔራ ተዋናዮችን በቀለም በመሣል የታወቀ ሠዓሊ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው ታላቅ ሠዓሊ ፉ ባውሺ ወደ ቼኮዝሎቫኪያና ወደ ሩማኒያ ሄዶ የፕራግን ቤተ መንግሥት ሥሏል። ሁለቱን ማነጻጸር ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ፉ ባውሺ ብሩሹ ፈጣን ነው፤ ሕንፃው በነፋስና በዝናብ መካከል ብቅ ያለ ይመስላል። ሊ ኬራን ግን ቀስ ይላል፤ ሕንፃው መሬት ላይ ተተክሏል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ስለ ሕንፃ ክብደት የሚነግረን ሁለተኛው ነው።

ድሬዝደን በፌብሩዋሪ 1945 በሦስት ቀን የአየር ድብደባ የነደደች ከተማ ናት። ሊ ኬራን በደረሰበት ጊዜ ታዋቂዋ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ክምር ነበረች፤ እንደገና ተሠርታ የተፈጸመችው በ2005 ነው። ቆመው የቀሩትና የተጠገኑት ማማዎች በኤልበ ወንዝ ዳር ይታዩ ነበር። የዚያ አገር ሕንፃዎች የተሠሩበት የኤልበ አሸዋ ድንጋይ ከተፈጥሮው የተነሣ ሲያረጅ ይጠቁራል፤ አዲስ ሲፈለፈል ወርቃማ ሆኖ ሳለ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ከሰል ይሆናል። የባሮክ ሐውልቶችና ደወል ማማዎች ሁሉ ጥቁር ናቸው። በዘይት ቀለም ለሚሥል ሰው ይህ ችግር ሊሆን ይችል ይሆናል፤ በጥላሸት ለሚሥል ግን ድንጋዩ ራሱ ግማሽ መንገድ መጥቶ የተቀበለው ያህል ነው። ሊ ኬራን የድሬዝደንን ምሽት በሣለበት ሥራ ዝርዝር የለም፤ መስኮት አይቆጠርም። ማማዎቹ ከወንዙ ማዶ በአንድ የጨለማ ጅምላ ውስጥ ቆመዋል፤ ሰማዩ ፈዟል፤ ብርሃን የቀረው በጥቂቱ ነው። ጅምላውን ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ንብር በንብር ላይ የተኛ ቀለም ነው፤ አንዱ ሕንፃ ከሌላው የሚለየው በጥቁረት ደረጃ ብቻ ነው።

ከድሬዝደን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወንዙን ተከትሎ ማይሰን ይገኛል። ቦታው ለቻይናዊ እንግዳ የተለየ ትርጉም ነበረው። በኮረብታው ላይ ያለው የአልብሬኽትስቡርግ ግንብ ከ1471 ጀምሮ በአርኖልድ ፎን ቬስትፋለን የተሠራ ሲሆን፣ ከ1710 አንሥቶ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የአውሮፓ የመጀመሪያው የሸክላ ጌጥ፣ ማለት የፖርሴሊን ፋብሪካ ነበር። የሳክሶኒው ገዥ ኃያሉ አውግስጦስ የቻይናን ሸክላ እስከ ዕብደት ይወድ ነበር፤ በ1717 600 ፈረሰኛ ወታደሮችን ለፕሩሺያ ንጉሥ ሰጥቶ 151 የቻይና ዕቃዎችን ተቀበለ። የቻይናን ምሥጢር ለማግኘት ሲሉ ወርቅ እሠራለሁ ይል የነበረውን ቦትገርን አስረው አሠሩት፤ ተሳካላቸውም። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ቻይናዊ በዚያው ኮረብታ ፊት ተቀምጦ የአውሮፓን ሕንፃ በቻይና ቀለም ለመያዝ ይጥር ነበር።

የማይሰን ካቴድራል ሥራው በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የተጀመረ ጎቲክ ሕንፃ ነው፤ ወደ ምዕራብ ያሉት ሁለት ማማዎች ግን የተፈጸሙት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ሊ ኬራን ይህንን ካቴድራል የሣለበት ሥዕል ከጀርመን ሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው ነው። ከታች የከተማው ቤቶች ጣራ በጣራ ላይ ተደራርበው ኮረብታውን ይወጣሉ፤ ከላይ ሁለቱ ማማዎች ጠቁረው ይቆማሉ። በዚህ ሥራ ላይ መልሱን ያገኘ ይመስለኛል። ለግድግዳ ቋንቋ ስላልነበረው ከተማውን በሙሉ እንደ ተራራ አነበበው። ጣራዎቹ እንደ ቋጥኝ ተደራረቡ፤ በመካከላቸው ያለው ጠባብ መንገድ እንደ ሸለቆ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ካቴድራሉም የተራራው ጫፍ ሆነ። ሆኖም ማስመሰል ብቻ አይደለም። ማማዎቹ ማማዎች ናቸው፤ ጎቲክ መሆናቸውን ማንም አይስተውም፤ ሹልነታቸው፣ የድንጋዩ ጥልፍልፍ፣ ወደ ላይ መሳባቸው ሁሉ አለ። መሥመሩ ግን ማስመሪያ የማያውቀው ዝግተኛ መሥመር ነው፤ በዝናብ ያረጠበ ግድግዳ ላይ ቁልቁል እንደሚወርድ ውሃ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ድንጋዩ አሮጌ መሆኑ ይታወቃል። በእኛ የሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ካቴድራል ትናንት የተፈጸመ ይመስላል፤ የእርሱ ግን ሰባት መቶ ዓመት ቆሟል።

ስለ አተያይም አንድ ቃል። ሊ ኬራን በሃንግጆው የአውሮፓን የአተያይ ሕግ ተምሯል፤ አላፈረሰውም፤ ነገር ግን አልተገዛለትም። የቅርብና የሩቅ መሥመሮች ወደ አንድ ነጥብ ከመሮጥ ይልቅ ከፊታችን ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ፎቶግራፍ ቢነሣ ከፊት ያለው ጣራ ካቴድራሉን ባሳነሰው ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ግን ከታች የቆመ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚሰማው ሆኖ ይታያል። ለእርሱ በቦታው መሣል ማለት የቆሙበትን ነገር መቅዳት አልነበረም። ረጅም ጊዜ ያያል፤ የሚያስፈልገውን ይመርጣል፤ የሚከለክለውን ይተዋል፤ ከዚያም በቦታው ላይ ሥዕሉን ይደርሰዋል።

በቫይማር የገጣሚውን የጎተን የአትክልት ቦታ ቤት ሣለ። ቤቱ ትንሽ ናት፤ መስፍኑ ለጎተ የሰጠው በ1776 ነው፤ በኢልም ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ትገኛለች። በዚህ ሥዕል ነገሩ ተገልብጧል። ጥቁሩ ዛፉ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ቀለም ሳይነካው የቀረ ወረቀት። በዛፎቹ ጥቅጥቅ ጨለማ መካከል ነጩ ግድግዳ ያበራል። እንግዲህ በጥቁር ከመሥራት ይልቅ ብርሃኑን መጠበቅ ይከብዳል፤ በሹዋን ወረቀት ላይ ነጭ ቀለም የለምና አንድ ጊዜ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ይህን ሥራ ከማይሰኑ ያላነሰ እወደዋለሁ፤ እንዲያውም ወጣት ባልደረቦቻችን ሕንፃ በዙሪያው ባለው ነገር እንጂ በራሱ ብቻ እንደማይታይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

እርሱ በውጭ በነበረበት ዓመት በአገሩ ውስጥ ቀኝ ዘመም የተባሉትን የማጥመድ ዘመቻ ተጀመረ። በአካዳሚው ባህላዊውን ሥዕል በእርሳስ ትምህርት ለመተካት ከሁሉ በላይ የጣረው ጂያንግ ፈንግ ተወግዞ ከሥልጣኑ ወረደ፤ ከክሶቹም አንዱ የብሔራዊውን ባህል ናቀ የሚል ነበር። ትናንት ብሩሽ የያዘው ሲከሰስ፣ ዛሬ ብሩሽን የነቀፈው ተከሰሰ። ሊ ኬራን ከዚህ አውሎ ነፋስ በሰላም አለፈ፤ የመጣበት ግን ሌላው ነው።

ከጀርመን ከተመለሰ በኋላ የሣላቸው ተራራዎች ከቀድሞዎቹ ይለያሉ። ብርሃኑ ከኋላ ይመጣል፤ የተራራው አካል ይጠቁራል፤ የዛፍና የጉብታ ጠርዝ ብቻ በቀጭን ብርሃን ይከበባል። ይህንን ከኋንግ ቢንሆንግ ወሰደው የሚሉ አሉ፤ ከሬምብራንት ነው የሚሉም አሉ። የሁለቱም ድርሻ እንዳለበት አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በኤልበ ዳር በጥቁር ድንጋይና በምሽት ሰማይ መካከል ያሳለፋቸው ሳምንታት ሁለቱን መምህሮች በአንድ እጅ እንዳስታረቁ አምናለሁ። የማይሰን ኮረብታ ጥቁር ማማዎች በ1960ዎቹ የቻይና ተራሮች ሆነው ተመለሱ። በ1962 እና በ1964 መካከል በቀይ ቀለም የተሸፈኑ ተራሮችን ሰባት ጊዜ እየደጋገመ ሣለ፤ ከእነርሱም አንዱ በ2012 በቤጂንግ ጨረታ ከ290 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጠ። በቀዩ ሥር ያለው ግን ያው ድርብርብ ጥቁር ነው።

ጥቁሩ ዋጋ አስከፈለው። የሶሻሊስት አገር ተራራ ለምን ይጨልማል የሚል ነቀፋ ገና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይሰማ ጀመር። በ1966 የባህል አብዮት ሲነሣ እንደ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ተወገዘ፤ ለዓመታት መሣል ተከለከለ፤ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በሁቤይ ክፍለ ሀገር በዳንጂያንግ ወዳለው የጉልበት ሥራ ሠፈር ተላከ። በ1971 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቹ ኤን ላይ ለውጭ እንግዶች የሚዘጋጁ ሆቴሎችንና የመንግሥት ሕንፃዎችን በባህላዊ ሥዕል ለማስጌጥ ባወጡት ዕቅድ ተጠርቶ ወደ ቤጂንግ ተመለሰ፤ የሊ ወንዝን ትልቅ ሥዕልም ሠራ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1974 የጂያንግ ቺንግ ወገን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ ያነጣጠረውን ዘመቻ በሠዓሊዎቹ በኩል አካሄደው፤ በቤጂንግ የጥቁር ሥዕሎች ትርኢት ተብሎ የሚታወቀውን ውግዘት አዘጋጀ፤ የሊ ኬራንም የሊ ወንዝ በተከሳሾቹ መካከል ተሰቀለ። ለሠላሳ ዓመት የደከመበት ጥቁር፣ ሙያውም ሆነ ብርሃኑ የነበረው ጥቁር፣ የፖለቲካ ወንጀል ስም ሆነ።

ጥቁሩን አልተወም። ነገሩ ካለፈና ስሙ ከታደሰ በኋላ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜው የሣላቸው ተራሮች ከቀድሞው ይልቅ የጠቆሩ ናቸው፤ ብርሃናቸውም ይበልጥ የጠራ። ፀጉሩ የነጣ ተማሪ መሆኑን የሚናገር፣ ሌላም ሦስት ሺህ የተበላሹ ሥዕሎችን የሚያስታውስ ማኅተም ነበረው። በ1981 የቻይና ሥዕል ምርምር ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ፤ በ1986 በቤጂንግ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የሥራዎቹ ትልቅ ትርኢት ተደረገ። ከዚያም በኋላ በየቀኑ የፊደል ጽሕፈቱን፣ ዝግ ያለውን መሥመር፣ እንደ ጀማሪ መለማመዱን አላቋረጠም።

በዲሴምበር 5 ቀን 1989 በቤጂንግ በቤቱ ሳለ ልቡ በድንገት ቆመ። 82 ዓመቱ ነበር። በሹጆው ያለው አሮጌው መኖሪያው ዛሬ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መታሰቢያ ቤት ነው።